ዘጠኝ ቁራጭ ብቻ፦ ለኬክ ወደየትኛው የአውሮፓ ከተማ እንሂድ?

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ እህቴ ደወለችልኝ። "ሦስት ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ። አንድ ቆንጆ ከተማ ሄጄ ኬክ እየበላሁ ማረፍ ነው የምፈልገው። የት ልሂድ?" አለችኝ።

"ቪየና" ልላት አልኩና ተውኩት። እህቴ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ጉልበቷን ያማታል። ሰልፍ አትወድም። እኔን ያስደሰተኝ ከተማ እሷን ላያስደስታት ይችላል።

ከእሷ በኋላ ሌሎችም ጠየቁኝ። አንዱ ከዱባይ ለጫጉላ የሚሄድ ነው። ሌላዋ እናቷን ይዛ ከዋሽንግተን የምትመጣ ናት። ለሁሉም የሰጠሁት መልስ የተለያየ ሆነ። ስለዚህ በልቼ የማውቃቸውን አምስት ከተሞች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው፦ ቪየና፣ ቡዳፔስት፣ ፓሪስ፣ ሊዝበንና ናፖሊ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስሌቴ ቀላል ናት። ሰው በቀን ሦስት ቁራጭ ኬክ አጣጥሞ ይበላል። አራተኛው ላይ ምላስ ይደነዝዛል። ስኳር ስኳር ብቻ ይላል እንጂ ቅቤውና ቫኒላው አይለይም። ቪየና በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አምስት በላሁ። በማግስቱ ጠዋት ኬክ ማየት አስጠላኝ፤ ግማሽ ቀን ባከነብኝ። ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ቁራጭ፣ ዘጠኝ ነው። ዩሮው ቢተርፍ እንኳ ሆድ አይተርፍም። ከተማ ስትመርጡ እነዚያን ዘጠኝ ቁራጮች የት እንደምታውሏቸው እያሰባችሁ ይሁን።

## መመዘኛዎቹ

ተጭኖ ይመጣል ወይ? ለእኔ ትልቁ መመዘኛ ይህ ነው። አንዳንድ ኬክ መንገድ ይችላል። በሣጥን ታሽጎ፣ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ፣ ከሳምንት በኋላም ያው ነው። ሌላው ደግሞ ከምድጃ በወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቅለታል። ቤት ድረስ ሊመጣላችሁ የሚችል ነገር ላይ ከዘጠኙ ብዙ አታጥፉ። አውሮፕላን ተሳፍራችሁ የሄዳችሁት እዚያው ካልሆነ የማይቀመሰውን ፍለጋ ነው።

ወንበሩ ስንት ነው? ጣሊያን ውስጥ ባንኮኒው ላይ ቆሞ የጠጣና ጠረጴዛ ይዞ የተቀመጠ አንድ ዋጋ አይከፍሉም። ፓሪስ ውስጥ ብዙ ጥሩ ኬክ ቤቶች ከናካቴው ወንበር የላቸውም። ቪየና ውስጥ ግን ወንበሩ ከቡናው ጋር አብሮ የተገዛ ነው። አንድ ቡና ይዛችሁ ሁለት ሰዓት ብትቀመጡ የሚያስነሳችሁ የለም።

ጾም፣ አሳማና አልኮል። ይህን የውጭ የጉዞ መመሪያዎች አይነግሯችሁም፤ ለእኛ ግን ዋና ጉዳይ ነው። ከጾሙ ልጀምር። የአውሮፓ ኬክ ማለት እንቁላል፣ ቅቤና ክሬም ማለት ነው። ለጾመኛ የሚሆን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ዓርብ ሄዶ እሑድ ይመለሳል። እንዲህ ካደረጋችሁ ከሦስቱ ቀን አንዱ በጾም ሄደ፤ ዘጠኙ ስድስት ሆነ። ቅዳሜ ሄዳችሁ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ብትመለሱ ምንም አይጎድልባችሁም። ከዚህም የተሻለ አለ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ወቅቱ በአብዛኛው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ስለሚውል የአውሮፓ አየር ደስ የሚልበት ጊዜ ነው። እህቴን የላክኋትም ያኔ ነው።

አሳማው ይበልጥ ይደበቃል። ማንም ሰው ኬክ ውስጥ የአሳማ ስብ ይኖራል ብሎ አያስብም። ነገር ግን ስፎሊያቴላ የሚባለው የናፖሊ ጣፋጭ ሊጥ በጥንቱ አሠራር በአሳማ ስብ የሚለሰልስ ነው። ከፖርቹጋል የገዳም ጣፋጮችም አንዳንዶቹ ይህ ስብ አለባቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንባቢ መጠየቅ ይገባዋል። የአሳማ ስብ በጣሊያንኛ "ስትሩቶ"፣ በፖርቹጋልኛ "ባኛ"፣ በጀርመንኛ "ሽማልትስ"፣ በፈረንሳይኛ "ሳንዱ" ይባላል። ሀንጋሪኛው "ዢር" ነው። ቃሉን ብቻ በጥያቄ ድምፅ ብትሉት ሻጩ ይረዳችኋል። አልኮል የማይነካ ሰው ደግሞ "ሩም" የሚለውን ቃል ይፈልግ፤ በየቋንቋው ያው ነው።

እግርና ሰዓት። ሊዝበን ዳገት ነው። ቪየና ሜዳ ነው። ፓሪስ ውስጥ ሰኞ ብዙ ኬክ ቤት ይዘጋል፤ በነሐሴ ደግሞ ባለቤቶቹ ለዕረፍት ይሄዳሉ። ከመሄዳችሁ በፊት የመክፈቻ ሰዓቱን አረጋግጡ።

ቪዛን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። አምስቱም ከተሞች ያሉት በሸንገን አገሮች ነው። አንድ ቪዛ ሁሉንም ያዳርሳል። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው።

## ቪየና፦ ኬኩም ወንበሩም

ቪየና ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ዛኸር ቶርተ የሚባለው የቸኮሌት ኬክ ነው። በ1832 ፍራንዝ ዛኸር የተባለ የ16 ዓመት ተለማማጅ ለልዑል ሜተርኒኽ እንግዶች እንደሠራው ይነገራል። የፍራንዝ ልጅ ኤድዋርድ በ1876 ሆቴል ዛኸርን ከፈተ። ኤድዋርድ ቀደም ሲል ሙያውን የተማረው ከ1786 ጀምሮ በቆየው ዴመል ኬክ ቤት ነበር። ጠቡም ከዚህ መጣ። "ኦሪጅናል" የሚለው ስም የማን ነው ብለው ሁለቱ ቤቶች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተጓተቱ። ነገሩ በ1963 አለቀ፤ ስሙ ለሆቴሉ ተሰጠ። ልዩነቱን ዛሬም ኬኩን ቆርጣችሁ ማየት ትችላላችሁ። የሆቴሉ ኬክ መሃል ለመሃል የአፕሪኮት ማርማላታ ተሠምሮበታል። የዴመሉ ማርማላታ ያለው ከቸኮሌቱ ሽፋን ሥር ብቻ ነው።

ብዙ ሐበሻ ቀምሶት "ደረቅ ነው" ይላል። እውነት ነው፣ ይደርቃል። ስኳር ያልገባበት የተመታ ክሬም አብሮ የሚመጣው ለዚሁ ነው። ክሬሙን ወደ ጎን ገፍተው ኬኩን ብቻ የሚበሉ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። አንድ ጉርሻ ላይ ሁለቱንም አንሱ። ያኔ ነው የቸኮሌቱ ምሬትና የማርማላታው ጎምዛዛነት የሚገባችሁ። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ዛኸር ላይ ከዘጠኙ አንድ ብቻ አውሉ እላለሁ። በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ዓለምን የሚዞር ኬክ ነው። የፈለገ ይዞ ይመለሳል።

እዚያው መበላት ያለበት አፕፈልሽትሩደል ነው። ሊጡን ሲሠሩት ያላየ ሰው ይቀርበታል። ጠረጴዛ ሙሉ ጨርቅ ያነጥፋሉ። ዱቄት ይነሰንሱበታል። ከዚያ እጃቸውን ከሊጡ ሥር አስገብተው በእጅ ጀርባ ቀስ እያሉ ወደ ዳር ይስባሉ። ሊጡ ይሳሳል፣ ይሳሳል፤ በመጨረሻ የጨርቁ ጥለት ከሥር ይታያል። ፖም፣ ዘቢብ፣ ቀረፋና በቅቤ የተጠበሰ የዳቦ ፍርፋሪ ይደረግበታል፤ ጨርቁን አንስተው ይጠቀልሉታል። ሾንብሩን ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ይህን ለጎብኚ ያሳያሉ፤ ልጆች በጣም ይወዱታል። ዘቢቡ አንዳንዴ በሩም ይነከራልና አልኮል የማትነኩ ጠይቁ።

ካይዘርሽማረንም አለ። ወፍራም ፓንኬክ መጥበሻው ላይ ተቦጫጭቆ፣ ዱቄት ስኳር ተነስንሶበት፣ ከፕለም ወጥ ጋር ይቀርባል። ሲታዘዝ ነው የሚሠራው። ምሳ ይሆናል፤ ከዘጠኙ ላይ እንደ ሁለት ቁጠሩት።

ቪየናን ቪየና የሚያደርጋት ግን ቡና ቤቱ ነው። የቡና ቤት ባህሏ በ2011 በኦስትሪያ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። አስተናጋጁ ቡናውን በትንሽ የብር ትሪ ያመጣዋል። ጎኑ አንድ ብርጭቆ ውኃ አለ። ብርጭቆው ላይ ማንኪያዋ በአፏ ተደፍታ ትቀመጣለች። ጋዜጣ በእንጨት መያዣ ታስሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሒሳብ ካልጠየቃችሁ አይመጣም። ማኪያቶ የለመደ ሰው "ክላይነር ብራውነር" ይበል፤ ቅርቡ እሱ ነው። ወተት የሚወድ "ሜላንዥ" ይዘዝ።

ዋጋው ይከብዳል። ታዋቂ ቤቶች ውስጥ አንድ ቁራጭ ከ7 እስከ 10 ዩሮ ይደርሳል፤ ቡናው ለብቻው ነው። ከመሃል ከተማ አንድ ሁለት ፌርማታ ከወጣችሁ የሠፈር ቡና ቤቶች ረከስ ይላሉ። ኬካቸውም አያሳፍርም።

## ቡዳፔስት፦ ካራሚሉ ሲሰበር

የኢትዮጵያ ሰው ስለ ቡዳፔስት ኬክ ብዙም ሲያወራ አልሰማሁም። ለእኔ ግን ከአምስቱ በጣም የተዘነጋችው ከተማ ናት።

ዶቦሽ ቶርታ የተሠራው ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ነው። ዮዤፍ ዶቦሽ ቀናት የሚቆይ ኬክ ፈለገ። ቶሎ የሚበላሸውን የእንቁላልና የወተት ክሬም ተወና በቅቤ የተመታ የቸኮሌት ክሬም ስስ ኬኮች መሃል ደራረበ። አናቱን በካራሚል ሸፈነው። በ1885 በቡዳፔስት በተደረገው አገር አቀፍ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ አቀረበው። ብዙዎች ሊቀዱት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። በ1906 ምስጢሩን ራሱ ለከተማው ኬክ ሠሪዎች ማኅበር ሰጠ። ያን ያህል ደክሞበት፣ በመጨረሻ ለባልደረቦቹ መስጠቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ካራሚሉ የሚቆረጠው ትኩስ ሳለ ነው። ባለሙያው ቅቤ የተቀባ ቢላ ይዞ ይጠብቃል። ትንሽ ከቸኮለ ይዝረከረካል። ትንሽ ከዘገየ መስታወት ይሆንና ይሰባበራል። ስትበሉት ሹካችሁን አናቱ ላይ ጫን አድርጉት። ጠቅ ብሎ ይሰበራል። ሥሩ ያለው ክሬም ደግሞ ለስላሳ ነው። ኬኩ ለመንገድ ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ካራሚሉ እርጥበት ከነካው ይለሰልሳል። ስለዚህ እዚያው ብሉት።

የት? ሁለት ዓይነት ቤት አለ። ዠርቦ በ1858 የተከፈተ፣ ትልቅ፣ ሻንደሊየር ያለበት ቤት ነው። በ1896 የተከፈተው አንደኛው የሜትሮ መስመር ሲያልቅ ቮሮሽማርቲ አደባባይ ያወርዳችኋል፤ ከደረጃው ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ነው። ሩስቩርም ደግሞ በ1827 የተከፈተ፣ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ያለ፣ ጥቂት ጠረጴዛ ብቻ ያለው ጠባብ ቤት ነው። እኔ ሩስቩርምን እመርጣለሁ። እዚያ ክሬሜሽ የሚባለው ይበላል፦ ሁለት ስስ የተነባበረ ሊጥ፣ መሃሉ አንድ ጣት ተኩል ቁመት ያለው የቫኒላ ክሬም። የአዲስ አበባ ሚልፎኝ ወዳጅ ገና ሲያየው ዘመዱ መሆኑን ያውቃል። ጠዋት ሲከፈት ሂዱ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ኮረብታውን በእግር አትውጡት፤ 16 ቁጥር አውቶቡስ ያወጣችኋል።

ፍሎድኒንም እንዳታልፉት። የሀንጋሪ አይሁዶች ጣፋጭ ነው። ፖም፣ ዋልነት፣ የፖፒ ፍሬና የፕለም ማርማላታ በየፎቁ ተደራርበዋል። ከባድ ስለሆነ ለሁለት ይበቃል። መንገድ ላይ ደግሞ ኩርቶሽካላች አለ፤ ሊጡ ረጅም እንጨት ላይ ተጠምዝዞ፣ ስኳር ተቀብቶ፣ እየተሽከረከረ ይጠበሳል። በትኩሱ ካልተበላ ዳቦ ነው። ሾምሎዪ ጋሉሽካ የሚባለው ጣፋጭ ሩም አለበት፤ ለማይጠጣ አይሆንም።

ገንዘባቸው ፎሪንት ነው። በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ "በዩሮ ወይስ በፎሪንት?" ካላችሁ ፎሪንት በሉ፤ በማሽኑ ምንዛሪ ትጎዳላችሁ። ሒሳቡንም አንብቡ። ብዙ ቦታ የአገልግሎት ክፍያ አብሮ ይደመራል። በአንድ ቤት ይህን ሳላይ ጉርሻ ጨምሬ ከፈልኩ፤ አስተናጋጁም ዝም ብሎ ተቀበለኝ። ደረሰኙ ላይ "ሰርቪዝዲይ" የሚል ቃል ካለ ጉርሻው ተከፍሏል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ከቪየና ይረክሳል፤ ከታዋቂዎቹ ቤቶች ውጭ አንድ ቁራጭ ከ3 እስከ 6 ዩሮ በሚሆን ፎሪንት ታገኛላችሁ።

ከቪየና በባቡር 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። አራት ቀን ያለው ሰው ሁለቱን ያጣምር። የባቡር ትኬት ቀደም ብሎ ሲገዛ በጣም ይቀንሳል።

## ፓሪስ፦ እጅ ያላቸው ሰዎች ከተማ

ስለ ፓሪስ ብዙ አልልም፤ ብዙ ተብሏል። በኬክ ሥራ ሙያ ከታየ ከአምስቱ አንደኛ ናት፤ ይህን አልከራከርም። ስቶሬር የሚባለው ኬክ ቤት ከ1730 ጀምሮ ሞንቶርጌይ መንገድ ላይ አለ። ፓሪስ ብሬስት የሚባለው ክብ ኬክ በ1910 የተሠራው ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ ለሚደረገው የብስክሌት ውድድር መታሰቢያ ነው፤ ቅርፁም የብስክሌት ጎማ ነው። ውስጡ የሐዘልነት ክሬም አለበት፤ እሱን ሳትበሉ አትመለሱ። ማካሮን የሚባለው ጣፋጭ ግን በሣጥን ስለሚመጣ ከዘጠኙ ቦታ አይገባውም። ክሩዋሳን ዕለት በዕለት ጠዋት ይበላል። ዘሩ ከኦስትሪያ ነው፤ በ1830ዎቹ መጨረሻ አውጉስት ዛንግ የሚባል የቪየና ሰው ፓሪስ ላይ ዳቦ ቤት ከፍቶ አስለመደው።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ውድ ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን ኬክ ከ6 እስከ 12 ዩሮ ነው። ሁለተኛ፣ መቀመጫ የለም። ኬኩን በሚያምር ሣጥን ያስሩላችኋል፤ እናንተ መናፈሻ ፍለጋ ትሄዳላችሁ። ዝናብ ከመጣ አበቃ። ኬክን ቁጭ ብሎ እየተጫወቱ መብላት ለሚወድ ሰው ፓሪስ አትመችም። ሙያውን ማየት ለሚፈልግ፣ ራሱ ኬክ ለሚሠራ ሰው ግን ከፓሪስ ሌላ አልመክርም። አዲስ አበባ ውስጥ ኬክ ቤት ያላቸው ጓደኞቼን ሁሉ ወደዚያ ነው የምልካቸው።

## ሊዝበን፦ ሦስት ጉርሻ

ሊዝበን አንድ ጣፋጭ አላት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፓስቴል ዴ ናታ፤ በስስ ሊጥ ውስጥ የተጋገረ የእንቁላል ክሬም። ግን አንዱ ይበቃል።

ታሪኩ ከገዳም ይነሳል። መነኮሳቱ በእንቁላል ነጩ ልብሳቸውን ያጠነክሩ ነበር። አስኳሉ ይተርፋል። በተረፈው አስኳልና በስኳር ጣፋጭ ሠሩ። በ1834 ፖርቹጋል ገዳማቱን ስትዘጋ ቤሌም ያለው የጄሮኒሞስ ገዳም አሠራር ጎረቤት ወዳለው ሱቅ ገባ። ሱቁ በ1837 መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬም እዚያው አለ። አሠራሩን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። "ፓስቴል ዴ ቤሌም" የሚለው ስም የዚያ ቤት ብቻ ነው። የሌላው ሁሉ "ናታ" ነው።

ናታ የእጅ መዳፍ አይሞላም። ምድጃው በጣም ስለሚግል አናቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። አረረ ብላችሁ አትመልሱት፤ ጣዕሙ እሱ ነው። ቀረፋ ነስንሱበት። የመጀመሪያው ጉርሻ ይንኮሻኮሻል። ሁለተኛው ላይ ሞቃቱ ክሬም ይመጣል። በሦስተኛው አለቀ። ሲቀዘቅዝ ጠርዙ ይለሰልሳል፤ በማግስቱማ ሌላ ነገር ነው። መሃል ከተማ ማንቴይጋሪያ የሚባለው ቤት አዲስ መጋገሪያ ሲወጣ ደወል ይደውላል። ደወሉን ስትሰሙ ግቡ። ቤሌም ደግሞ በር ላይ የምታዩት ረጅም ሰልፍ ይዞ የሚሄድ ሰው ሰልፍ ነው። ውስጡ በጣም ሰፊ ነው፤ አልፋችሁ ገብታችሁ ተቀመጡ። 15 ቁጥር ትራም ያደርሳችኋል።

ዋጋው ደስ ይላል። አንዱ ከ1 ዩሮ ተኩል ብዙም አይርቅም፤ "ቢካ" የሚሉት ኤስፕሬሶም ርካሽ ነው። ትናንሽ ስለሆኑ ሁለቱን እንደ አንድ ቁራጭ እቆጥራለሁ። ጉዳቱ ዳገቱና የምርጫው ማነስ ነው። በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር ያምራችኋል። ያኔ ሲንትራ ሂዱ፤ በባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ትራቬሴይሮ የሚባል የአልመንድና የእንቁላል ክሬም ያለበት ትራስ መሳይ ጣፋጭ አላቸው።

## ናፖሊ፦ የሚልፎኛችን አገር ሰዎች

አዲስ አበባ ኤንሪኮ ኬክ ቤት ሚልፎኝ እየበላ ያደገ ሰው ጣሊያን ሲገባ አንድ ነገር ይሰማዋል። ሚልፎኝ "ሚለፎሊየ" ነው፤ ሺህ ቅጠል ማለት ነው። ቦምቦሊኖውም፣ ማኪያቶውም ስማቸውን ሳይቀይሩ ይጠብቁታል። እኔ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ሳዝዝ የማላውቀው አገር ያለሁ አልመሰለኝም።

የከተማዋ ንጉሥ ስፎሊያቴላ ነው። እሱም ከገዳም የመጣ ነው፤ በአማልፊ ባሕር ዳርቻ ከሚገኝ የሴቶች ገዳም። ፓስኳሌ ፒንታውሮ በ1818 ናፖሊ ላይ መሸጥ ጀመረ፤ ሱቁ ዛሬም ቶሌዶ መንገድ ላይ አለ። ሁለት ዓይነት ነው። "ሪቻ" እንደ ዛጎል የተደራረበ፣ ሲነከስ የሚሰባበር ነው። "ፍሮላ" ለስላሳ ነው። የሁለቱም ውስጥ ሪኮታ አለበት፤ ከእኛ አይብ ጋር የሚቀራረብ፣ ግን የማይጎመዝዝ። ሴሞሊና፣ ቀረፋና በስኳር የተቀቀለ የብርቱካን ልጣጭ ይጨመርበታል። ሪቻ ሲበላ ፍርፋሪው ደረት ላይ ይዘንባል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብላችሁ ብሉ። ውስጡ ያቃጥላል፤ አትቸኩሉ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ አታናዚዮ የሚባለው ቤት ከምድጃ በቀጥታ ይሸጣል። ለእኔ ከአምስቱ ከተሞች በሙሉ በጣም የጣመኝ አንድ ጉርሻ የዚያ ቤት ሪቻ ነው። ሲቀዘቅዝ ግን ያ ሁሉ መሰባበር ይጠፋል። በሣጥን የሚመጣ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከላይ ያልኩት የአሳማ ስብ ጉዳይ በዋናነት የሚመለከተው ይህን ነው። ሪቻም ፍሮላም በአሳማ ስብ ሊሠሩ ይችላሉ። ፓስቲዬራ የሚባለው የፋሲካ ኬክም እንደዚሁ። በቅቤ የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ ጠይቃችሁ አግኙ። ባባ የሚባለው ኬክ በሩም የራሰ ነው። ሁለቱንም ለማይነካ ሰው ቶርታ ካፕሬዘ አለ፦ ቸኮሌት፣ አልመንድ፣ ቅቤና እንቁላል፣ ያለ ዱቄት። ለጾመኛም የሎሚ ግራኒታ አለ፤ በረዶ፣ ሎሚና ስኳር ነው።

አንድ ስፎሊያቴላ ከ2 እስከ 3 ዩሮ ነው። ቆማችሁ ከጠጣችሁ ኤስፕሬሶው ከዚያም ያነሰ ነው። ከሮም በፈጣን ባቡር 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሮም ዘመድ ያለው ሰው ደርሶ መምጣት ይችላል።

## በአጭሩ ሲታይ

| ከተማ | መቅመስ ያለባችሁ | የአንዱ ግምታዊ ዋጋ | መቀመጫ | በሣጥን ይመጣል? | ተጠንቀቁ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቪየና | ሽትሩደል፣ ዛኸር | 5–10 ዩሮ | በጣም ምቹ | ዛኸር አዎ፣ ሽትሩደል አይ | በታዋቂ ቤቶች ሰልፍ |
| ቡዳፔስት | ዶቦሽ፣ ክሬሜሽ፣ ፍሎድኒ | 3–8 ዩሮ | ምቹ | ፍሎድኒ አዎ፣ ሌላው አይ | የአገልግሎት ክፍያ፣ ሩም |
| ፓሪስ | ፓሪስ ብሬስት፣ ክሩዋሳን | 6–12 ዩሮ (ክሩዋሳን ርካሽ) | አነስተኛ | ማካሮን ብቻ | ሰኞና ነሐሴ ዝግ |
| ሊዝበን | ናታ | 1.50 ዩሮ ገደማ | መካከለኛ | አይመጣም | ዳገት፣ የምርጫ ማነስ |
| ናፖሊ | ስፎሊያቴላ፣ ካፕሬዘ | 2–3 ዩሮ | ቆሞ | አይመጣም | የአሳማ ስብ፣ ሩም |

## ለማን የትኛው?

እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ ከሆነ ቪየና። ሜዳ ነው፣ ወንበሩ ምቹ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ማንም አያጣድፋቸውም። በቀን አንድ ቡና ቤት ይበቃል። ሁለት ቁራጭ አዝዛችሁ ለሦስት ተካፈሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለም መካፈሉ ይረዳል፤ ዛኸርን ከነክሬሙ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ መቀመጡ ለእሱም ጉዞ ነው።

ኪሳችሁ ሳሳ ካለ ሊዝበን ወይም ናፖሊ። በቀን ለጣፋጭና ለቡና 10 ዩሮ መድባችሁ በደንብ ትበላላችሁ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ አሳማ የማይነካ ሰው ሊዝበን ይሂድ፤ ናታ ላይም ቢሆን "ባኛ" ብሎ ይጠይቅ። ስለ ስቡ እየጠየቀ ለመብላት የማይሰለች፣ ቡና የሚወድ ደግሞ ናፖሊ።

ከዱባይ ለጫጉላ ለሄደው ልጅ ፓሪስን አልመከርኩትም። እሱና ባለቤቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ገንዘብ አላነሳቸውም፤ መቀመጥና ማውራት ይወዳሉ። ቪየናና ቡዳፔስትን በባቡር አገናኝተው አራት ቀን እንዲያደርጉ ነገርኳቸው። ዛኸር፣ ዶቦሽና ክሬሜሽ ብዙውን ጊዜ በቅቤ የሚሠሩ ናቸው። ሩም አለመግባቱን በየቤቱ መጠየቅ ግን አይቀርም።

ልጆች ላላቸውም ቡዳፔስት። ኩርቶሽካላች ሲሽከረከር ቆመው ያያሉ፤ ከዚያ እንደ ክር እየተረተሩ ይበሉታል።

እህቴንም የላክኋት ቡዳፔስት ነው፤ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ፣ በሃምሳው ቀን ውስጥ። ዘጠኙን እንዲህ አዋለቻቸው። ሁለት ዶቦሽ፣ በሁለት የተለያየ ቤት። ሁለት ክሬሜሽ፣ ሁለቱንም ሩስቩርም፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት፤ ሰልፍ አላጋጠማትም። አንድ ፍሎድኒ ለሁለት ቀን ከፍላ። አንድ ኤስተርሃዚ የሚባል ኬክ፤ ይህን አልወደደችውም፣ ግማሹን ተወችው። ሁለት ኩርቶሽካላች። ዘጠነኛውን ሰኞ ማታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሄዷ በፊት ዠርቦ ተቀምጣ በላችው፤ ሦስተኛ ዶቦሽ ሆነ። ስልኳን ሳህኑ አጠገብ አስቀምጣ ካራሚሉ ሲሰበር ቀዳችና ድምፁን ላከችልኝ።